ባዶ ነበር የተባለው ረግረግ

(በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ699 ጉትላክ የሚባል ሰው፣ ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት ገደማ፣ በታንኳ ሆኖ በምሥራቅ እንግሊዝ ወደሚገኘው ሰፊ ረግረግ ገባ። የባላባት ልጅ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ጭፍራ አስከትሎ ሲዋጋ፣ መንደር ሲያቃጥልና ሲዘርፍ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ከዚያ ድንገት ልቡ ተመለሰና መነኰሰ። ሁለት ዓመት ገዳም ከቆየ በኋላ ግን የማኅበር ኑሮ አልሆነውም፤ ሰው የሌለበት ቦታ ፈለገ። ያገኘውም በረግረጉ መሐል ክሮውላንድ የምትባለዋን ደሴት ነው። እስኪሞት ድረስ፣ ማለት እስከ 714፣ እዚያው ኖረ።

ገድሉን የጻፈለት ፊሊክስ የሚባል መነኩሴ ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በላቲን ጻፈው። ፊሊክስ ረግረጉን ሲገልጽ ጥቁር ውሃ፣ የማይገፈፍ ጭጋግ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ወንዝ ያሳየናል። ሰው የማይኖርበት፣ አጋንንት የሚፈነጩበት ምድረ በዳ ነው ይለናል። የእኛን አገር ገድላት ያነበበ ሰው ይሄ አጻጻፍ እምብዛም አይገርመውም። ጻድቁ እንዲያበራ ቦታው መጨለም አለበት፤ አራዊትና አጋንንት ካልከበቡት ምናኔው ምኑን ምናኔ ይሆናል?

ዳሩ ግን ገድሉን ቀስ ብሎ ላነበበ ሰው ፊሊክስ ራሱ ምስጢሩን ያወጣዋል። አንደኛ፣ ጉትላክን በታንኳ መርቶ ያደረሰው ታትዊን የሚባል ያካባቢው ሰው ነው። ደሴቲቱን አውቃታለሁ፣ ብዙዎች ሊኖሩባት ሞክረው ፈርተው ትተዋታል ብሎ የነገረውም እሱ ነው። ለመሆኑ ሰው በሌለበት አገር መንገዱን ማን አወቀው? ሁለተኛ፣ ደሴቲቱ ላይ አንድ የጥንት ጉብታ ነበረ፤ ጉብታውንም ሀብት እናገኛለን ያሉ ሰዎች ቆፍረውታል። ጉትላክ ጎጆውን የቀለሰው በዚሁ ጉብታ ጎን በነበረ ጉድጓድ ላይ ነው። (ይቺን ጉድጓድ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።) ሦስተኛው ነገር ያስቃልም ያሳዝናልም። አንድ ሌሊት ጉትላክ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሳለ የአጋንንት ጭፍራ ይመጣበታል። ጭፍራው ይጮኻል፤ ጩኸቱን ሲያዳምጠው ግን ቋንቋው የብሪቶኖች ነው! ጉትላክ ቋንቋውን ያውቀዋል፤ በወጣትነቱ በስደት በመካከላቸው ኖሯል። እንግዲህ አንግሎ-ሳክሶኖች ከመምጣታቸው በፊት በደሴቱ ይነገር የነበረው ቋንቋ በአንድ መነኩሴ ብዕር የአጋንንት ቋንቋ ሆኖ ቀረ።

እኔ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄ ቦታ ነው። አንድን መሬት ባዶ ነው የሚለው ማን ነው? በማን ዓይን ነው ባዶ የሚሆነው? ለዚህ ጥያቄ ብራናው አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጥ አፈሩ ሌላ መልስ ይሰጣል። አፈሩን ደግሞ የሚያነቡት አርኪዮሎጂስቶች ናቸው።

ስለ አንግሎ-ሳክሶኖች አመጣጥ የምንማረው ታሪክ አጭር ነው። ሮማውያን በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብሪታንያን ለቀቁ። ከባሕር ማዶ አንግሎች፣ ሳክሶኖችና ጁቶች መጡ። በ731 መጽሐፉን የጨረሰው ቢድ ነገሩን በ449 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ፣ ሄንጌስትና ሆርሳ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾችን መሪ አድርጎ ይተርከዋል። ከሱ በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ጊልዳስ ደግሞ እሳትና ሰይፍ ብቻ ነው የሚያሳየን። ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ታሪክን እንደ እግዚአብሔር ቁጣና ምሕረት ነው የሚያዩት። እሺ፣ ይሁን። ነገር ግን ከጀልባው የወረደው ሰው በማግስቱ ምን በላ? ከብቱን የት አሳደረ? ሚስቱ ልብስ የሠራችው በምንድን ነው? ስለዚህ አንድም መስመር የለም።

አሁን ስለ ረግረጉ ራሱ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ የሚከተለው ነገር አይገባም። ፌን እየተባለ የሚጠራው ይህ አገር ከሰሜን ባሕር ዳር ተነሥቶ በሊንከንሸር፣ በካምብሪጅሸርና በኖርፎክ ውስጥ 4000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ሁለት ዓይነት አፈር አለው። በባሕሩ በኩል ያለው ማዕበል ተሸክሞ ያመጣው ደለል ነው። ወደ መሐል አገር ያለው ግን ቄጠማና ሸምበቆ በውሃ ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ ተነባብሮ የሠራው ጥቁር አፈር ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ቨርማይደን የሚባል የሆላንድ መሐንዲስ ባለጸጎች ቀጥረውት ቦይ እየቀደደ ውሃውን አፈሰሰው። ጥቁሩ አፈር ውሃው ሲወጣለት እንደ ደረቀ ሰፍነግ ተኮማተረ፤ ነፋስም ወሰደው። በ1851 ሆልም በሚባል ቦታ አንድ የብረት ምሰሶ ጫፉ ከመሬቱ እኩል እስኪሆን ድረስ ወደ ታች ተቀበረ። ዛሬ ያ ምሰሶ 4 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ቆሟል። ምሰሶው አልተነቀነቀም፤ አገሩ ነው የወረደው።

በዚህ የተነሣ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። የጥንት ወንዞች አልጋቸው በደለል ተሞልቶ ነበርና ደለሉ እንደ ጥቁሩ አፈር አይኮማተርም። ዙሪያው ሲወርድ የወንዙ አልጋ ከፍ ብሎ እንደ ጠባብ ኮረብታ ብቅ አለ። ወንዝ ኮረብታ ሆነ ማለት ነው። የጥንት ሰዎች በደለሉ አገር ቤታቸውን ሲሠሩ የመረጡት እንዲህ ያለውን ሻል ብሎ ከፍ ያለ የቀድሞ ወንዝና የባሕር ገብ ዳርቻ ነው። በዚያ አገር አንድ ክንድ ከፍታ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ዴቪድ ሆል የሚባል ተመራማሪ ከ1976 ጀምሮ በካምብሪጅሸር በኩል የታረሰውን መሬት በእግሩ እየዞረ ይመለከት ጀመር። በ1980ዎቹ ሥራው ሰፍቶ ፒተር ሄይስ በሊንከንሸር፣ ቦብ ሲልቬስተር በኖርፎክ ተሰማሩ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ብር ሳይሆን ጉልበት ነው የሚጠይቀው። ትራክተር መሬቱን ከገለበጠው በኋላ፣ ዝናብ ሲያጥበው፣ አጎንብሶ መሄድና ገል መልቀም ነው። ገሉ በብዛት የተገኘበት ቦታ በካርታ ላይ ይመዘገባል።

እዚህ ላይ ነው ታሪክ በገል ጥራት እንደሚፈረድ ያየሁት። የሮማውያን ዘመን ሸክላ በመንኰራኵር ተሠርቶ በምድጃ በኃይል የተተኮሰ ነው። ሺህ ዓመት በማረሻ ቢገለበጥ አይሟሟም፤ ቀለሙም ከሩቅ ያስታውቃል። ቀደምት ሳክሶኖች ግን ሸክላቸውን በእጅ ሠርተው በመጠነኛ እሳት ነው የሚተኩሱት። ቀለሙ ቡናማ ወይም ጥቁር፣ ልክ እንደ አፈሩ ነው። ውርጭ ሲመታው ይፈረካከሳል። ስለዚህ ለቃሚው የሮማን ገል በዘንቢል ሞልቶ ሲመለስ የሳክሶኑን ረግጦት ያልፋል። ከዚያ ምን ይጻፋል? ሮማውያን ሲሄዱ ውሃ መጣ፣ ሰው ሸሸ፣ አገሩ ባዶ ሆነ ይባላል። ውሃው በአንዳንድ ቦታ በእርግጥ ጨምሮ ነበር፤ እሱን አልክድም። ሰዉ ግን ሁሉም አልሄደም። ሄይስ በሊንከንሸር ደለል ላይ በትዕግሥት ሲፈልግ፣ ባዶ በተባለው ዘመን በእጅ የተሠራ የሳክሶን ሸክላ ያለባቸውን መንደሮች አገኘ። ሲልቬስተርም በኖርፎክ በኩል በባሕሩ ዳር ተራ በተራ የተደረደሩ የ8ኛውና የ9ኛው መቶ ዓመት መንደሮችን አገኘ። እነዚህን ለመለየት የረዳው በሳፎክ በኢፕስዊች ከተማ የተሠራ ጠንካራ ሸክላ ነው፤ በመላው ምሥራቅ እንግሊዝ ይሸጥ የነበረ ሸክላ ነው። ገበያ ደርሶባቸዋል ማለት ነው።

ኋላ ከነዚህ መንደሮች አንዳንዶቹ ተቆፈሩ፤ በጎስበርተንና በቴሪንግተን አካባቢ ያሉት ይገኙባቸዋል። ከጉድጓዱ የወጣው የከሰለ እህል በአብዛኛው ገብስ ነው። ገብስ ጨው ይችላል፤ ስንዴ ግን እዚያ አይደላውም። አብረው የወጡት የአረም ዘሮች በጨዋማ ሣር ሜዳ የሚበቅሉ ናቸው። አጥንቱ የበግና የከብት ነው። እነዚህ ገበሬዎች ማዕበል የሚጎበኘውን መሬት አርሰው፣ ያንኑ ሜዳ በጋራ እያስጋጡ፣ ትልቁ የባሕር ግድብ ከመሠራቱ በፊት ይኖሩ ነበር። ምድረ በዳ ነው የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

የረግረጉን ቤቶች ግን ማረሻ ፈጭቷቸዋል፤ ቤቱን ራሱን ለማየት ወደ ዳር መውጣት ይኖርብናል። ከረግረጉ በስተ ምሥራቅ፣ በሳፎክ፣ ላርክ የሚባል ወንዝ አለ፤ ውሃው ወርዶ ወደ ፌን ይገባል። በሰሜን ዳርቻው ዌስት ስቶ የምትባል መንደር ነበረች፤ ከ420 እስከ 650 ገደማ ሰው ኖሮባታል። በመካከለኛው ዘመን ነፋስ አሸዋ አምጥቶ ከደነባትና ማረሻ ሳይነካት ቆየች። ስታንሊ ዌስት ከ1965 እስከ 1972 ሲቆፍራት ሰባት አዳራሾችና ሰባ ያህል ጉድጓድ ቤቶች አገኘ። ጉድጓድ ቤት ያልኩት፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ወርዱ 3 ሜትር ግድም የሆነ፣ ከጉልበት ያልዘለለ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ነው። በሁለቱ ጫፍ ጣሪያውን የሚሸከም ምሰሶ ይተከላል።

ስለዚች ጉድጓድ የተጻፈውን ብትሰሙ ትስቃላችሁ። በ1921 ሊድስ የሚባል ሊቅ ሰተን ኮርትኔይ በምትባል መንደር እንዲህ ያለውን ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ውስጡ አጥንት፣ ገልና ዐመድ ሞልቶ አየ። ወዲያው ፈረደ፤ እነዚህ ሰዎች በጉድጓድ ውስጥ ከቆሻሻቸው ጋር ተኝተው ይኖሩ ነበር አለ። የእንግሊዝ አያቶች በአንድ ቀን አውሬ ሆኑ! ይሄ ፍርድ ለብዙ ዓመት ቆየ። ዌስት ግን ከተቃጠሉት ቤቶች የከሰለ የእንጨት ወለል ፍንጭ አገኘ። ከ1973 ጀምሮም የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሱ ጋር ሆነው ቤቶቹን በጥንቱ ዓይነት መሣሪያ እዚያው ቦታ ላይ መልሰው መሥራት ጀመሩ። (እኛም ተማሪዎች ነን፤ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ማን ይሰጠናል!) ያለ ወለል በተሠራው ቤት የጉድጓዱ ጠርዝ ሰው ሲረግጠው ተናደ። በቁፋሮ የተገኙት ጉድጓዶች ጠርዝ ግን እንዲያ አልተናደም። ስለዚህ ጉድጓዱ ከወለሉ በታች የነበረ ባዶ ስፍራ ነው፤ ሰዉ ከላይ በሳንቃ ላይ ነበር። እርጥበት ወደ ላይ እንዳይወጣ ይሆናል፤ ዕቃ ማስቀመጫም ሊሆን ይችላል። ቆሻሻውስ? ቆሻሻው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ጎረቤት የጣለው ነው። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚስማሙት በዚህ ነው። ሊድስ የቆሻሻ መጣያን መኝታ ቤት አደረገው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ብልኅ ሰው የሚሠራው፣ ከመቆፈሩ በፊት ስለ ሰዎቹ የወሰነው ነገር ስላለ ነው እላለሁ።

ታዲያ የጉትላክስ ጎጆ? በጉድጓድ ላይ የተቀለሰ ጎጆ! ፊሊክስ እንደ ትልቅ ተጋድሎ የጻፈው፣ በዚያ አገር ማንም ተራ ገበሬ የሚሠራውን የሚመስል ቤት ነው።

በዌስት ስቶ ቤቶች ውስጥ ከተገኘው ነገር ሁሉ እኔን የያዘኝ የሸማኔው ዕቃ ነው። የሸክላ ቀለበቶች ናቸው፤ ድሩን ወደ ታች ወጥሮ ለመያዝ ከቋሚው ሸማኔ ዕቃ ላይ ይንጠለጠላሉ። የእንዝርት ቀለበት፣ ከአጋዘን ቀንድ የተሠራ ማበጠሪያና የአጥንት መርፌ አብሮ አለ። የእንስሳቱን አጥንት ያጠናችው ፓም ክራብትሪ እንደምታሳየው በብዛት በግ ነው፤ ከብትና ዐሣማ ይከተላሉ፤ የወንዝ ዓሣም አለ። ሰይፍ የሚገኘው በመቃብር ነው፤ ያውም በጥቂቱ። በቤት ውስጥ የሚገኘው የሥራ ዕቃ ነው።

እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ የሚለውን ጥያቄ መዝለል አልችልም፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነውና። በጀርመን ሰሜን ባሕር ዳር፣ በቬዘርና በኤልብ ወንዞች አፍ መካከል፣ ፌደርሰን ቪርደ የሚባል ጉብታ አለ። ቬርነር ሃርናግል ከ1955 እስከ 1963 ቆፈረው። ጉብታው የተፈጥሮ አይደለም፤ ሰው ነው የሠራው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው መቶ ዓመት ሰዎች በረግረጉ ሰፈሩ። ማዕበሉ ሲያስቸግራቸው ፍግና ጭቃ እየደለደሉ መንደሩን ከፍ አደረጉት። ውሃው ሲጨምር እነሱም ጨመሩ፤ አምስት መቶ ዓመት ያህል እንዲህ ኖሩ። ቤታቸው ረጅም ነው፤ በአንዱ ጫፍ ሰው፣ በሌላው ጫፍ ከብት ባንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። በ5ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ መንደሩ ተለቀቀ። ቢድ ሳክሶኖች መጡ የሚለን በዚያው ዘመን ነው። ረግረግን የሚፈሩ ሰዎች አልነበሩም እንግዲህ፤ ረግረግ አገራቸው ነበር።

ግን ነገሩ አንድ ሕዝብ ተነቅሎ ሌላ ተተከለ ብሎ የሚያልቅ አይደለም። ሰውና ከብት የሚያድሩበት ያ ረጅም ቤት በዌስት ስቶ የለም፤ እንግሊዝ ውስጥ አዲስ ዓይነት አዳራሽ ነው የተሠራው። ሱዛን ኦስትሃይዘን በ2017 ባወጣችው መጽሐፍ የፌን ነዋሪዎች ከሮማ ዘመን ጀምሮ ሳይቋረጡ እንደኖሩ፣ የጋራ ግጦሽና የውሃ ሥርዓታቸውም ከዚያ እንደተያያዘ ተከራክራለች። በ2022 ደግሞ ከጥንት አጥንት በተወሰደ ዲኤንኤ የተሠራ ትልቅ ጥናት ወጣ። በምሥራቅና በደቡብ እንግሊዝ በዚያ ዘመን ከተቀበሩት ሰዎች ዘር እስከ 76 በመቶ የሚሆነው ከባሕር ማዶ እንደመጣ አሳየ። አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ ይመስላል። ለእኔ ግን አያፈርስም። ብዙ ሰው መጥቷል፤ ሴቶችና ሕፃናትም አብረው መጥተዋል። የመጡት ግን ሰው ወዳለበት ነው፤ ከነበረው ጋር ተጋብተዋል፤ ከብታቸው በአንድ ሜዳ ግጧል። ዘር ቢቀየር የግጦሹ ሕግ የግድ አይቀየርም። በየትኛው ወር ውሃው እንደሚወርድና የትኛው ሜዳ ከብት እንደሚያሰጥም መጤው የሚማረው ከነባሩ ነው።

የነዚህ ሰዎች ስም እንኳ አልጠፋም። ጊርዌ ይባላሉ፤ ጭቃ፣ ረግረግ ከሚለው የድሮ ቃል የመጣ ነው፤ የረግረግ ሰዎች እንደማለት። ቢድ ከመሪዎቻቸው አንዱን በስም ይጠቅሳል። ኢሊ የምትባለውም ደሴት ስሟ እባብ ከሚመስለው የረግረግ ዓሣ እንደመጣ ይነግረናል። ሕዝቡ በብዛት የሚያጠምደው እሱን ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የግብር መዝገብ ነው። ከ7ኛው ወይም ከ8ኛው መቶ ዓመት የመጣ አንድ ዝርዝር አለ፤ የየነገዱን መሬት በሃይድ ይቆጥራል። ሃይድ እንደኛው ጋሻ የግብር መስፈሪያ ነው፤ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት መሬት ይባላል። ሰሜን ጊርዌ 600፣ ደቡብ ጊርዌ 600፣ ከስፖልዲንግ ጋር የሚያያዙት ስፓልዳዎች 600። እንግዲህ ለገድል ጸሐፊው ባዶ የሆነው አገር ለግብር ሰብሳቢው ባዶ አልነበረም! ግብር ሰብሳቢ አጋንንት አይቆጥርም።

በቅርቡ ደግሞ ክሮውላንድ እራሷ ተቆፈረች፤ ውጤቱም በ2024 ታተመ። ጉትላክ ኖረበት ተብሎ በሚታመነው ሜዳ ላይ ዙሪያውን በቦይ የተከበበ፣ 75 ሜትር ስፋት ያለው፣ ከጉትላክ ሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሚቀድም ክብ ሥራ ተገኘ። በላዩም በጉትላክ ዘመን ግድም የነበሩ የሸክላ ዕቃዎች፣ ሁለት የአጥንት ማበጠሪያዎችና የውድ መጠጫ ብርጭቆ ስብርባሪ ነበሩ። ባሕታዊው በብርጭቆ ጠጣ ልል አልፈልግም፤ እንግዳ ይመጣበት ነበር፤ ገድሉም ይህን አይደብቅም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ላክል፤ ይሄ ለእኛ ስለሚቀርብ ነው። ከፌን በስተ ሰሜን፣ ኮረብታው አልቆ ረግረጉ በሚጀምርበት፣ ስክሬምቢ የምትባል የሊንከንሸር መንደር አለች። በ2018 እዚያ የ5ኛውና የ6ኛው መቶ ዓመት መቃብር ተቆፈረ። ከሴቶቹ ጎን የዝሆን ጥርስ ቀለበቶች ተገኙ። የጣት አይደሉም፤ የጥርሱ ወፍራም ክፍል ተቆርጦ የተሠሩ፣ በወገብ የሚንጠለጠል ከረጢት አፍ የሚከፍቱ ትላልቅ ቀለበቶች ናቸው። በ2023 የታተመው ጥናት በጥርሱ ውስጥ ያለውን የስትሮንሽየም ንጥረ ነገር መርምሮ፣ ዝሆኖቹ እሳተ ገሞራ ያፈለቀው ዓለት ባለበት የአፍሪካ አገር እንደኖሩ ደረሰበት። ተመራማሪዎቹ ስምጥ ሸለቆን አመለከቱ፤ ጥርሱም በአክሱም መንግሥት በኩል ወጥቶ ሊሆን ይችላል አሉ። አዱሊስ፣ ቀይ ባሕር፣ ሜዲትራኒያን፣ ራይን ወንዝ፣ ከዚያ ረግረጉ ዳር፤ 4000 ማይል ያህል መንገድ። ሴትዮዋ ዝሆን አይታ አታውቅም። ከረጢቷ ውስጥ የያዘችው ምናልባት መርፌ፣ ክር፣ ቁራጭ ብረት ነው።

የሆልም ምሰሶ ዛሬም እየረዘመ ነው። መሬቱ በየዓመቱ ይደርቃል፣ ይታረሳል፣ ነፋስ ይወስደዋል። በእጅ የተሠራው ገል በአንድ ውርጭ ዱቄት ይሆናል። የፊሊክስ ብራና ግን በቤተ መጻሕፍት፣ በመስታወት ውስጥ፣ ሙቀቱ ተለክቶለት ተቀምጧል።